አመስግኖ ማለፍ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል?

በደብተር ጽፈን አብረን ከሸመደድናቸው የእንግሊዝኛ አባባሎች አንዱ ጉድ ሠራኝ። እዚህ ስፌት ክፍል አጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮ ከሥራ ስንወጣ ሁልጊዜ «ድሮፕ ባይ ሰምታይም» ትለኛለች። «አንድ ቀን ቤት ብቅ በይ» ብለን ጽፈነው የለ? እሑድ ያቺን ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ፣ ብርቱካን ገዝቼ ብቅ አልኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ «ምነው፣ ምን ገጠመሽ?» አለችኝ። ከልቧ ደንግጣልኝ ነው፤ ግን ከበሩ ፈቀቅ አላለችም። «በዚህ ሳልፍ ነው» ብዬ ዋሸሁ።

ለካ አባባሉ እንደኛ «እንብላ» ኖሯል፤ ወጉ አመስግኖ ማለፍ ነው። እኛ ቤት ግን «እንብላ» ሲባል እውነት ብሎ ለተቀመጠ ሰው ጠጋ ይባልለታል እንጂ ምን ገጠመህ አይባልም። ደብተሩ ላይ አርሚው። ብርቱካኑን አውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ ላጥኩት። አጠገቤ ለተቀመጡት ሽማግሌ «እንብላ» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ፖስትካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ለምሳ ስትቀርቡ አንዴ ወደ በሩ ዞር በይና «እንብላ» በይልኝ፤ እኔ እንደሆንኩ አመስግኜ አላልፍም።