ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ውሃ ያነበቡት የወይዘሮ ሸዋረጋ ሐብተ ማርያም የሕይወት ታሪክ

«እማ፣ ውሃው ዛሬ ስንት ነው?» ብላ የሰባት ዓመቷ ዝማሬ በ1988 ዓ.ም. እናቷን አምሳልን ጠየቀቻት። የቆሙት ወይብላ ወንዝ ዳር፣ የውሃው ከፍታ የሚለካበት፣ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ውሃው ውስጥ በተተከለበት ስፍራ ነበር። አምሳል ያኔ ቁጥር አታውቅም ነበርና «ብዙ ነው» አለቻት። ልጅቱ ዞር ብላ አክስቷን ጠየቀች። «ሠላሳ ስምንት ነው፣ ሸጋዬ» ብለው የመለሱላት ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ ነበሩ። ልጅቱ ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷን ስለ ውሃ ጠይቃ አታውቅም። ይህን ታሪክ የጻፈችው ያችው እናት፣ የሟች ታናሽ እህት አምሳል ናት።

ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተሩፋኤል፣ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሐብተ ማርያም ልዑልቃልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ሥላሴ በ1949 ዓ.ም. ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ባለው መንደራችን ተወለዱ። አባታቸው ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደልና ዳዊት ያስተማሩት እሳቸውን ነው። በስድስት ዓመት የምታንሰው አምሳል ለመማር ስትደርስ «አንዷ ትበቃለች፤ ቤቱን ማን ይያዝ?» ተባለ። አምሳል ውሃ ስትቀዳ፣ እህቷ ከደጀ ሰላሙ ሆነው ሲያነቡ ትሰማቸው ነበር። ድምፃቸው ያምር ነበር። ይህን ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶባታል።

በ1966 ዓ.ም. ከአቶ ዳኛው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። አቶ ዳኛው በ1974 ዓ.ም. ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሳንጃ ወርደው በዚያው ቀሩ። ልጅ አልነበራቸውም።

በ1978 ዓ.ም. የውሃ ባለሙያዎች መጥተው ብረቱን ሲተክሉ፣ ከወንዙ ቅርብ የሆነና ማንበብ የሚችል ሰው ፈለጉ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ተመረጡ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት በአሥራ ሁለት፣ ማታም በአሥራ ሁለት ሰዓት ወርደው ቁጥሩን በሰማያዊ ቀለም በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። የዚያ ሥራ ሕግ አንድ ነው፤ የተጻፈ አይፋቅም። ስህተት ካለ ከጎኑ ይጻፋል።

በመጀመሪያው ዓመት በጥር ወር ውሃው አርባ ሰባት ሳንቲ ሜትር ነበር። ጋራው እየተራቆተ፣ ባሕር ዛፉ እየበዛ፣ ከላይ ያሉት ገበሬዎች ለሽንኩርታቸው ውሃ በሞተር መሳብ ሲጀምሩ፣ የበጋው ቁጥር ዓመት ለዓመት ወረደ። የክረምቱ ውሃ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሞልቶ በአንድ ጊዜ የሚጎድል ሆነ። እኛ «ዘንድሮ ዝናቡ ከፋ» እያልን ስናልፈው፣ እሳቸው ግን ወንዙ ራሱ እየተለወጠ መሆኑን ከመዝገባቸው ያውቁ ነበር።

ዝማሬን ቁጥር ያስቆጠሯት በዚያ ብረት ላይ ነው። ልጅቱ ጠዋት ከእናቷ ጉያ ተነስታ ወደ አክስቷ ትሮጥ ነበር። አድጋ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማረች፤ የውሃ ባለሙያም ሆነች። በ2009 ዓ.ም. ወይብላ ጣና የሚገባበትን ለማሳየት አክስቷን ይዛ ሄደች። አምሳል ላሞቹን ጠብቂ ተብላ ቀረች። እዚያ ያሉ አሣ አጥማጆች «ድሮ ታንኳችንን የምናስረው ከዚህ ዋርካ ሥር ነበር» አሏቸው። ከዋርካው እስከ ሐይቁ የግማሽ ሰዓት መንገድ ሆኗል። ወንዙ በክረምት የተሸከመውን ደለል እዚያ ይጥላል፤ በበጋ ደግሞ ውሃው ሐይቁ ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ ይቀራል። ወይዘሮ ሸዋረጋ ከዚያ ውሃ በጠርሙስ ቀድተው ሲመለሱ አምሳልን «እንኪ፣ የወንዝሽን መጨረሻ አመጣሁልሽ» አሏት። አምሳል ለዶሮዎቹ ደፋችላቸው።

በ2010 ዓ.ም. ዝማሬ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጥናቷን አመጣች። አምሳል በዓመቱ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፣ የጎልማሶች ትምህርት ጀመረች። ምክንያቷ አንድ ነበር፤ በዚያ ጥራዝ ውስጥ ስሟ መኖሩን ለማየት። የመጀመሪያውን ገጽ አንብባ ለመጨረስ ዓመት ፈጀባት። «ቁጥር ላስቆጠሩኝ ለአክስቴ ለወይዘሮ ሸዋረጋ፤ ለቤተሰቦቼም» ይላል። የአምሳል ስም የለም።

አሁን ደግሞ በመዝገቡ ስለተሳሳቱት ዘጠኝ ቀናት ይነገር። ዝማሬ በጥናቷ የ1995 ዓ.ም. የነሐሴ ጎርፍ በአክስቷ መዝገብ አለመኖሩን አግኝታ ነበር። ድልድያችንን የወሰደው፣ የወንዙንም አፍ ወደ ሌላ ያዞረው ጎርፍ ነው። መምህራን ባሉበት ስትጠይቃቸው «ትኩሳት ይዞኝ ነበር፤ ተሳሳትሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ «መዝገባቸው አይታመንም» ሲባል የሰማችሁ አላችሁ። እውነቱ ይህ ነው። ዝማሬ ያን ክረምት ጎንደር ዘመድ ቤት ነበረች። ወይዘሮ ሸዋረጋ በታይፎይድ ተኝተው ለአምሳል በትር ሰጧት። «ውሃው የደረሰበትን ብቻ በትሩ ላይ ቁረጭልኝ፤ ቁጥሩን ሲሻለኝ እኔ አወጣዋለሁ» አሏት። አምሳል እንደ መሃይም በትር መቁረጥ አሳፈራት። ዘጠኝ ቀን መዝገቡን ይዛ እየወረደች፣ ያለፈውን ሳምንት ቁጥሮች ቅርጻቸውን እያየች ገለበጠች። ጎረቤታችን አያ አስማረ ጎርፉን ከዳር ሆነው እያዩ «ምነው አምሳል፣ ይህን ሁሉ ውሃ በየትኛው ገጽ ልታሰፍሪው ነው?» ብለው ቀለዱባት። እሷ ግን አጎንብሳ የቁጥሮቹን ቅርጽ ትሥል ነበር።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ሲሻላቸው መዝገቡን አዩ፤ ወንዙ ዳር ባለው ዛፍ ላይ የቀረውን የጎርፍ ጭቃም አዩ። ብዕር አንስተው ከጎኑ ጻፉ። አምሳል ማንበብ ከቻለች በኋላ ገጹን ፈልጋ ከጎኑ ያለውን አነበበች። «እነዚህ ዘጠኝ ቀናት ትክክል አይደሉም። ስህተቱ የኔ ነው።» በዚያም እንኳ ቀናችባቸው፤ ጥፋቷን እንኳ ወስደውባታል። ይሁንና መዝገቡ ትክክል ነው። ከዘጠኙ ቀናት በቀር የተሳሳተ የለበትም፤ ዘጠኙም የአምሳል ናቸው። ዝማሬ ይህን ዛሬ ከሕዝብ እኩል ትሰማለች።

ወይዘሮ ሸዋረጋ በልብ ሕመም ስምንት ወር ሲታከሙ ቆይተው ረቡዕ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ብረቱን እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ አንብበዋል። አንዲት እህትና አንዲት የእህት ልጅ ትተዋል። ልጅቱ ከትናንት ጀምሮ «እናቴ» እያለች የምታለቅሰው እሳቸውን ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በዕረፍት ውሃ ዘንድ፣ ከአባታቸውና ከእናታቸው ጎን ያሳርፍልን።

ዛሬ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ውሃው አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ነበር። ያነበበችው አምሳል ናት። ዝማሬ ከሠልስት በኋላ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አምሳል እዚህ ናት።