ስለ ነጩ መሐረብና ስለ ሴግላ ሞተር

ለከተማችን የጭስና የንጽሕና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ለክቡር አቶ ዜኖን አግቦሱ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎን በደስታ፣ የቢሮዎን ማቀዝቀዣም ያለ አንዳች እንከን ሲሠራ ያገኛቸው ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ቢቸግርዎ፣ በሐይቁ ድልድይ ራስ ዓሣ ጠብሼ የምሸጠው ፊፋሜ ነኝ። ባለቤቴ ሴግላ ደግሞ ቢጫ ሸሚዝ ለብሶ ሰው ከወዲህ ወዲያ በሞተር የሚያመላልስ፣ ይቅርታ፣ ያመላልስ የነበረ ነው። አሁን እስር ቤት ነው። ሐሙስ ፍርድ ቤት የሚቀርበው መሥሪያ ቤትዎ በጻፈው አንድ መስመር ምክንያት ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ ስለ ግድግዳው አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎ የሞተረኞቹን መቆሚያ በጎበኙ ዕለት "ይህ እድፍ ምንድን ነው?" ብለው ነበር። እድፍስ እድፍ ነው። ሞተረኞቹ በየማለዳው ጣታቸውን በሞተሩ ጭስ መውጫ፣ በማርሚታው አፍ ውስጥ ይሰዱና ያገኙትን ጥላሸት፣ እያንዳንዱ ሸሚዙን ከሚሰቅልበት ምስማር ሥር፣ ግድግዳው ላይ ይጠርጉታል። ደረቅ ጥቁር ከሆነ ሞተሩ ከመጠን በላይ ቤንዚን እየጠጣ ነው፣ ወይም የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል። ጥቁር ሆኖ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። የለውዝ ቅርፊት ከመሰለ ደህና ነው። እንደ አመድ ከነጣ ግን ቤንዚን አንሶት በገዛ ሙቀቱ እየነደደ ነውና በዚያ ቀን ሰው አይጫንበትም። አመድ ጠርጎ ሊነሣ የሚሞክር ቢኖር ጓደኞቹ "ወዴት ነው ወንድሜ፣ ቀብርህ ላይ እንዳትዘገይ ነው?" እያሉ ቁልፉን ይቀሙት ነበር። እርስዎ ያን ሁሉ በኖራ አስቀቡት። እውነቱን ለመናገር አምሯል።

ሁለተኛ፣ ስለ ነጩ መሐረብ። የበረሃው አቧራ ሰማዩን በሚሸፍንበት፣ የማንም ሞተር ማጣሪያ በማይተርፍበት ወር ላይ፣ መርማሪዎችዎ በዱላ ጫፍ ነጭ መሐረብ ጠቅልለው በየማርሚታው ይከቱ ጀመር። ቀለም ይዞ የወጣ ሁሉ "ቆሻሻ ሞተር" ተብሎ ታገደ። የለውዝ ቅርፊት የመሰለውም፣ ማለትም ጤነኛው፣ አልቀረለትም። ጤና ቀለም እንዳለው ሞተረኞቹ ቢሮዎ ድረስ መጥተው አስረድተው ነበር። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እኔ ግን ክቡርነትዎን በዚህ አልጠረጥርም፤ እርስዎ ምናልባት በእውነት ተኝተው ነው።

ሴግላ ሁለት ጊዜ ታገደ። በሁለተኛው ለመርማሪዎ በትሕትና፣ "ጌታዬ፣ ይሄ ቀለም ደህና ነው። ነጭ ይሁን ካሉ ቤንዚኑን ልቀንስበት ነው፣ ያኔ ሞተሩ ይራባል" አላቸው። እሳቸውም፣ "አንተ ሰውዬ፣ አብላው ማን አለህ? አጽዳው ነው ያልንህ" ብለው መለሱለት። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ዓሣዬን እያገላበጥኩ ሰምቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰጡን ትምህርት። ለሦስተኛ ጊዜ የታገደ የሥራ ፈቃዱ የሆነውን ቢጫ ሸሚዙን እንደሚነጠቅ ባወጁ በሳምንቱ ከተማው በሙሉ ብልሃቱን ተማረ፤ ማጣሪያውን አውልቆ መጣል፣ ቤንዚኑን ማጥበብ፣ ከዚያ መጸለይ። ቤታችን የሚበላው ከዚያ ሸሚዝ ነውና ሴግላም እንደ ሰዉ አደረገ። መሐረቡ እንደገባ ነጭ ሆኖ ወጣ። መርማሪዎ ትከሻውን መታ መታ አድርገው "አየህ፣ ከፈለግህ ትችላለህ" አሉትና አረንጓዴውን ምልክት ለጠፉለት። እሱ ግን በዚያ ቀን ምሳውን አልበላም። "ፊፋሜ፣ ድምፁ አላማረኝም" አለኝ።

የሚቀጥለውን ነገር አራተኛ ብዬ ልቆጥረው አልቻልኩምና ይቅር ይበሉኝ። እማማ አያባ የሚባሉ ጨው ሻጭ ነበሩ፤ ከሴግላ በቀር የማንም ሞተር ላይ አይወጡም፤ "የሌላው ያንገጫግጨኛል፣ ልጄ ግን እንደ እንቁላል ነው የሚይዘኝ" ይሉ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ድልድዩ መካከል ላይ ሞተሩ ግሎ ፒስተኑ ተጣበቀ፣ የኋላ ጎማውም ባንዴ ቀጥ አለ። ሁለቱም ወደቁ። ከኋላ ይመጣ የነበረው የጭነት መኪና ሴግላን ሳተው፤ እማማ አያባን አልሳታቸውም። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ መሆኑን መደበቅ አልፈልግም።

መሥሪያ ቤትዎ ለፖሊስ የጻፈውም ይኸው ነው፦ "ሞተሩ ተመርምሮ ፍጹም ንጹሕ ሆኖ በመገኘቱ ጥፋቱ የነጂው ነው።" አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ባለቤቴ ግን በዚህች መስመር ነፍሰ ገዳይ ሆነ።

ትናንት ስንቅ ይዤ እስር ቤት ስሄድ የእማማ አያባን ልጅ ሜዴሴን በሩ ላይ ተሰልፋ አገኘኋት። በቅጠል የተጠቀለለ አካሳ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ይዛለች። ልትረግመን የመጣች መስሎኝ ፈርቼ፣ "አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት። "እናቴ ብትኖር እሷ ነበረች የምታመጣለት" አለችኝ። እናቷን የቀበረች ልጅ የገባትን ነገር፣ ያን ያህል ወንበር ያለው መሥሪያ ቤት እንዴት እንዳልገባው አላውቅም።

እንግዲህ ከክቡርነትዎ የምለምነው ጥቂት ነው። ሐሙስ ፍርድ ቤት መጥተው፣ መሐረቡ ነጭ የወጣው ሞተሩ ንጹሕ ስለነበር ሳይሆን እየተቃጠለ ስለነበር እንደሆነ፣ ነጭ ይሁን ብለው ያዘዙትም እርስዎ እንደሆኑ ይመስክሩ። ካልመጡም አይከፋኝም፤ ንጹሕ ሰው ፍርድ ቤት ምን ይሠራል?

ፈጣሪ ሞተርም ሰውም ሳያጎድልብዎ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በመሐረብዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

የእስረኛው የሴግላ ሚስት፣
ፊፋሜ

ማስታወሻ፦ ሞተሩ በማስረጃነት ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ቆሟል። ዘበኛው "እህቴ ተይ፣ ማስረጃ ነው" እያለኝ ጣቴን ማርሚታው ውስጥ ሰደድኩ። አመድ ነው። ወደ መቆሚያው ወስጄ ኖራ ባስቀቡት ግድግዳ ላይ፣ ከሴግላ ምስማር ሥር ጠረግሁት። ነጭ በነጭ ላይ ነውና ምንም አይታይም። ግድግዳው እንዳዘዙት ንጹሕ ነው።