ከተዘጋ ሐብል የወለቀ ሜዳሊያ

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1971

ሌባ አላለችኝም። «እስከ ቅዳሜ አስቢበት፣ ማሪያ» ነው ያለችኝ።

ማሪያ አይደለሁም፤ ምሕረት ነኝ። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ማሪያ ትባል ስለነበር ሲኞራ አዲስ ስም መልመድ ሰለቻት። ስሙን ከሽርጡ ጋር ተረከብኩ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አብዳለሁ። እኔ የማስታምማቸው የሲኞራ እናት፣ ቤቱ ሁሉ ኖና የሚላቸው፣ አንገታቸው ላይ ኮራሎ ከሚሉት የባሕር ድንጋይ የተሠራ ቀይ ዶቃ አለ። መሀሉ ላይ የሚከፈት ትንሽ የብር ሜዳሊያ ይንጠለጠላል። ውስጡ ያለው በሕፃንነቱ የሞተባቸው ወንድ ልጃቸው ፀጉር ነው። ሲተኙም አያወልቁትም። ሰኞ ሰኞ ገላቸውን ሳጥባቸው ብቻ እኔ እፈታዋለሁ፣ እኔው መልሼ አስራለሁ። ዛሬ ጠዋት ልፈታ ብል ሐብሉ አለ፣ ሜዳሊያው የለም።

ሲኞራን የጠራኋት እኔ ነኝ። ይህን ማንም አያስታውስልኝም።

ዶቃውን አገላብጣ አየችው። ክሩ አልተበጠሰም። መዝጊያው እንደተዘጋ ነው። «አሎራ፣ እንግዲህ፣ ክሩ ካልተበጠሰ፣ መዝጊያው ካልተከፈተ፣ ሜዳሊያው ክንፍ አወጣ?» አለች። ቀጥላም፣ «ትናንት ዕረፍት ነበርሽ፣ አይደል? የት ዋልሽ?»

ሻንጣዬን ፈተሸች። ቆሜ አየኋት። የውስጥ ልብሴን ሳይቀር እያነሣች አራገፈች፤ የእናቴን ደብዳቤዎች እንደ ምንጣፍ።

እስከ ቅዳሜ ካልተገኘ ኩዌስቱራ ሄዳ ለፖሊስ ታመለክታለች። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ የሚታደሰው በእሷ ፊርማ ነው። ካልታደሰ ከሮም ወደ አዲስ አበባ ነው። እዚያ ስሜ ቀበሌ ተጽፎ ይጠብቀኛል። ወንድሜን ከቤት የወሰዱት ከዚያው ወረቀት ላይ አንብበው ነው።

አላለቅስም። ለእሷ ደስታ አላለቅስም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ፍለጋ። የአልጋው ሥር፣ የፍራሹ ስፌት፣ የነጠላ ጫማቸው ውስጥ፣ የሹራባቸው ኪስ፣ የመታጠቢያው ቀዳዳ፣ የወንበራቸው ዙሪያ። የለም።

ኖና ምሳ አልበሉም።

ሽንኩርት ስልጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሜዳሊያው ከተዘጋ ሐብል ሊወጣ የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በራሱ ቀለበት። ነሐሴ ላይ ኦስቲያ ባሕር ዳር ሳለን የድሮው ቀለበት ተበልቶ ተቆረጠ። ሲኞራ ከተሰበረ ጉትቻ ላይ ሌላ ቀለበት ነቅላ፣ ከወጥ ቤት መሳቢያ ባወጣችው ፒንሳ ከፍታ፣ በክሩ ላይ አስገብታ ጫን አደረገችው። አልተበየደም። ሁለቱ ጫፎች አልተሳሳሙም። ፎጣ ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ክፍተቱን አይቻለሁ። የሐር ክር ደግሞ ቀጭን ነው።

ነገርኳት። ሳቀች። «ታዲያ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ ማለት ነው? ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነበር ስትዪ ሰምቻለሁ። እዚህ ግን የምትይዢው ካውያ ነው።»

ሁለት ዓመት ምሕንድስና ተምሬያለሁ። ማረጋገጥ አውቃለሁ። ከሕንፃው ሥር ሱቅ ካላቸው ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ፣ ከሲኞር ኔሎ፣ አንድ ቀለበትና ትንሽ የሐር ክር ለመንኩ። «ምን ልትሠሪበት?» አሉኝ። «ይወድቅ እንደሆነ ልፈትን» አልኳቸው። ቀለበቱን ልክ እሷ እንደዘጋችው ዘግቼ፣ ክሩን በሁለት ወንበሮች መካከል ወጥሬ፣ የቤቱን ቁልፎች በሙሉ አንጠለጠልኩበት። ጠበቅኩ። ወንበሩን ነቀነቅኩት። ጭልፋም ጨመርኩበት።

አልወለቀም። የቁልፍ እስር የተሸከመ ቀለበት ያቺን ቅጠል የምታህል ሜዳሊያ እንዴት ይጥላል? ሲኞራ በበሩ ስታልፍ አየች፤ አልፋ ሄደች። ይህ ከፍተሻው ባሰኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

አገኘሁት።

ጠዋት የኖናን መጋረጃ ስከፍት ፀሐይ ዝቅ ብላ ገባች። ከመስኮቱ ሥር፣ ከወንበራቸው ጎን፣ ተርሞሲፎኔ የሚሉት የብረት ማሞቂያ አለ። በሁለቱ የብረት ጎድኖች መካከል፣ ከታች አቧራው ውስጥ፣ ብልጭ አለ። ጎንበስ አልኩ። ራሱ ነው። ቀለበቱም አብሮት አለ።

እጄ መንገድ ላይ ቆመ።

ትናንት «የወንበሩን ዙሪያ ፈትሻለሁ፣ የለም» ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ «እነሆ» ብል ምን ትላለች? ሌባዋ ቅዳሜ ሲቀርብባት ጨነቃትና መለሰችው። ባወጣው ሌባ፣ ባላወጣው ሌባ።

ኖና አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

መጋረጃውን መልሼ ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

የሐሙስ ከሰዓት የእኛ ነው፤ ሮም ያለች ሠራተኛ ሁሉ በሐሙስ ከሰዓትና በእሑድ ትፈታለች። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ እትዬ ብርሃኔን አገኘኋቸው። የጎንደር ሰው ናቸው፤ በሰው ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ነካሽው?» አሉ።

«አልነካሁትም።»

«እሰይ! እንዳትነኪው። አንዲት የአገራችን ልጅ የእመቤቷን ጉትቻ ከሶፋ ሥር ስትጠርግ አገኘች። እልል ብላ ወስዳ ሰጠቻት። በማግስቱ ሻንጣዋ በር ላይ! ዕቃ ስታገኚ የደበቅሽው አንቺ ነሽ ይሉሻል። ባለቤቷ ራሷ ትፈልገው፤ በገዛ እጇ ታንሣው። አንቺ እጅሽን ወደ ኋላ አድርገሽ ቁሚ።»

«አሮጊቷ ግን እያለቀሱ ነው፣ እትዬ።»

«ያልቅሱ። የእሳቸውን ዕንባ የምታብስ ልጅ አለቻቸው። የአንቺንስ?»

ይህን ሲሉ ጣታቸው ማተባቸው ላይ ነበር። መስቀሉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ያሾሩታል፤ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ወዲህ። ዓይኔ ተተክሎ ቀረ።

«ምነው? አንገቴ ላይ እባብ አየሽ?»

«እትዬ፣ ይሄ መስቀል ወልቆብዎት ያውቃል?»

«ክርስትና ከተነሣሁ ጀምሮ? ክሩ ሲያረጅ እቀይራለሁ እንጂ መስቀሉ ወልቆ አያውቅም። እንደ እናንተ ዘመናዮች በመቀስ ካልቆረጡት በቀር!»

እውነታቸውን ነው። በዘመቻ ጊዜ ጓዶቼ ፊት ማተቤን በመቀስ ቆርጬዋለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል። ወደ ሮም ስመጣ እናቴ ሌላ ሰጠችኝ። ከሻንጣዬ ወጥቶ አያውቅም። ሰኞ ዕለት ሲኞራ እሱንም አራግፋዋለች።

አስተሳሰሩን አሳዩኝ። ክሩ ተደርቦ በመስቀሉ ቀዳዳ ይገባል፣ መስቀሉ በክሩ ዐይን ውስጥ ያልፋል፣ ይጠብቃል፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ቋጠሮ። ሲያሾሩት ክሩም አብሮ ይዞራል። ክፍተት የሚባል ነገር የለውም።

ያን ጊዜ ስሕተቴ ገባኝ። እኔ ቁልፍ አንጠልጥዬ ወደ ታች ጎተትኩ። ሜዳሊያን ወደ ታች የሚጎትት ማን ነው? ኖና ሲጸልዩ ያሾሩታል። ሜዳሊያው ከጠፋም በኋላ ጣታቸው ደረታቸው ላይ ባዶውን ሲያሾር አይቻለሁ፤ አይቼ አላስተዋልኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ሲኞር ኔሎ ከመዳብ ቆርጠው በሜዳሊያው ልክ የሆነ ነገር ሰጡኝ፣ ካልተበየደ ቀለበት ጋር። በክር ላይ አድርጌ እንደ ኖና አሾርኩት። መጀመሪያ ምንም። ቀጥዬ ሳሾረው ክፍተቱ ዞሮ ወደ ላይ መጣ፤ ክሩ ሾልኮ ወጣ፤ መዳቡ ጭኔ ላይ ወደቀ። ደገምኩት። ወደቀ። ክሩ ደህና ነው።

«ያልተበየደ ቀለበት ገርበብ ያለ በር ነው» አሉ ሲኞር ኔሎ፤ «ዛሬ ባይወጣ ነገ ይወጣል።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኖና ዛሬ ወተት ብቻ ነው የቀመሱት። ትራሳቸውን ሳስተካክል እጄን ያዙ። «ልጄን ሁለት ጊዜ ቀበርኩት» አሉኝ። ሜዳሊያው ከአልጋቸው ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ነገሩ ምላሴ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበውን ሰሐን ሁሉ እንደገና አጠብኩ።

እስር ቤት እየጠበቀኝ ነው ብዬ ሰው እንዲህ እንዲያለቅስ መተው ይገባኛል? አንድ ቀን ቀርቶኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ሲኞራ ካፖርቷን ለብሳ ነበር። «አሎራ፣ ማሪያ?»

«ከመሄድሽ በፊት የኖናን የጸሎት ሰዓት ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ» አልኳት። «ከዚያ በኋላ የፈለግሽበት ሂጂ፤ ፓስፖርቴን ራሴ አምጥቼ እሰጥሻለሁ።»

ድምፄ ስላልተንቀጠቀጠ ይመስለኛል የተቀመጠችው።

ኖናን ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። መዳቡን ዶቃው ላይ አንጠለጠልኩ፤ ቀለበቱን ሲኞራ ራሷ በፒንሳዋ እንድትዘጋው አደረግኩ። ጫን አድርጋ ዘጋችው፤ ክሴን ልታፈርስ ስለፈለገች ከኦስቲያው አጥብቃ። ኖና መቁጠሪያቸውን በግራ፣ መዳቡን በቀኝ ይዘው ጸሎት ጀመሩ። እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ።

ረዘመ። ሲኞራ ሰዓቷን አየች። እኔ የኖናን ጣት ብቻ ነው የማየው።

ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል መዳቡ ወለቀ። ድምፅ አልነበረውም፤ የሻርፓቸው እጥፋት ውስጥ ገባ። ኖና አልተሰማቸውም፤ ጣታቸው ባዶውን ማሾሩን ቀጠለ። «አሜን» ብለው እንደ ልማዳቸው መንገዱን ሊያዩ ወደ መስኮቱ ዞረው ተነሡ። ሻርፑ ተዘረጋ። የማሞቂያው ብረት ቃ አለ።

ሲኞራ የእናቷን ኪሮሽ አንሥታ ተንበረከከችና በማሞቂያው ጎድኖች መካከል አስገባች። መዳቡን ሳበች። ጎንበስ እንዳለች ወደ ውስጥ አየች። እንደገና አስገባች። ሁለተኛው የብሩ ነበር፤ ከነቀለበቱ፣ ከነክፍተቱ።

ኖና ያወጡት ድምፅ ለቅሶም ሳቅም አይደለም።

«ሜኖ ማሌ» አለች ሲኞራ ካፖርቷን እያወለቀች፤ እንኳንም ተገኘ ማለቷ ነው። በቃ። ያ ነበር ይቅርታዋ።

«ጻፊልኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ቀለበቱ ባለመበየዱ በራሱ እንደወለቀ፣ አንቺ ራስሽ እንዳገኘሽው። ስሜንም ጻፊ፤ ማሪያ አይደለም። ፈርሚበት።»

ጣሪያውን አየች። ሳቀች። «የእኔ ቃል አይበቃሽም?»

«ሰኞ ዕለት የእኔ አልበቃሽም።»

ኖና፣ ሜዳሊያውን በጡጫቸው ጨብጠው፣ በዚያ በደከመ ድምፃቸው ልጃቸውን «ስክሪቪ» አሏት። ጻፊ።

ጻፈች።

እሑድ፣ ኅዳር 10

እትዬ ብርሃኔ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት፤ ጣልያንኛ አያነቡም። «ክታብ አጻፍሽ በይኛ!» አሉ። «እሜቴ ደብተራ ሆነችልሽ!» ብዙ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ በስንት ጊዜዬ።

ስመለስ ግን ንድፍ ሣልኩ። ለሲኞራ ብዬ አይደለም። የፔርሜሶ ፊርማዋን ገና አልሰጠችኝም፤ «በኋላ እናያለን» ትላለች። የሣልኩት ሜዳሊያው ዳግም እንዳይወልቅ ነው።

ቀለበት አይኖረውም። በሜዳሊያው አናት ላይ አጭር የብር ቱቦ ይበየዳል። ክሩ ተደርቦ በቱቦው ውስጥ ያልፋል። የቱቦው አፍ ወደ ውጭ ይቀለበሳል፤ ስለቱ ሐሩን እንዳይበላው። ግራና ቀኝ እንደ ማተብ ቋጠሮ፤ አንደኛው ወገን ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ። ከቋጠሮው ቀጥሎ ከቱቦው አፍ የሚበልጥ ዶቃ። ሲያሾሩት ክሩም ይዞራል።

ሁለት ዓመት ተምሬ ያልደረስኩበትን የእናቴ እጅ ያውቀው ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ሲኞር ኔሎ ሥዕሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «ይህን ማን ሣለው?» አሉ። «እኔ።» ደግመው አዩኝ። ኖና ማታ የሰጡኝን ሜዳሊያ ተቀበሉኝ፤ እስከ ነገ ይሠሩታል።

ገላ የማጥብበት ቀን ነው። የኖናን ጀርባ ሳሽ፣ ዘወር ሳይሉ፣ «ከመቼ ጀምሮ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

ሰፍነጉ ከእጄ ወደቀ።

«ያን ጊዜ የብሩ ሲወጣ እጅሽን ወደ ኋላ አድርገሽ ነበር። አልደነገጥሽም» አሉ።

መዋሸት እችል ነበር። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። «ከረቡዕ ጀምሮ» አልኩ። «ባወጣው ሰርቄ መለስኩ ይባል ነበር።»

አደረቅኳቸው፣ አለበስኳቸው፣ ፀጉራቸውን አበጠርኩ። ቀኑን ሙሉ አልተናገሩኝም። ለልጃቸው ከነገሩ ወረቀቴ ወረቀት ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ሰማዩ እንደ አመድ ነው።

ሜዳሊያውን ከሲኞር ኔሎ አመጣሁ። ዶቃውን እንደ ሥዕሉ ሰካሁት፤ ቋጠሮዎቹን በጥርሴ ሳይቀር አጠበቅኩ። አሾርኩት፣ ጎተትኩት፣ አወዛወዝኩት። ክሩን ወደ ጎን፣ ቱቦውን ወደ ላይ። ያዘ።

ኖና ክፍል ገባሁ። ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ወደ መስኮቱ። ሲኞራ ሳሎን ስልክ ላይ ትስቃለች። ከኋላቸው ቆምኩ፤ ሐብሉን ላሳያቸው ዘረጋሁ። አላዩትም። ትከሻቸው ላይ ላድርግ፣ ለሲኞራ ልስጣት፣ አላወቅኩም።

ከዚያ ሁለት እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ማጅራታቸው ወሰዱ። ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። አንገታቸውን ዝቅ አደረጉልኝ።

«አጥብቀሽ» አሉ።