«ሞክረኸዋል?»

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ዛሬም በረዶ። የጠዋቱ ስብሰባ እንደ ወትሮው በቁም። አዲስ የክላውድ ማከማቻ መምረጥ ነበረብን። የጉሮሮ ቀዶ ጥገና የሚጠብቃቸው ሰዎች ድምፃቸው ሳይጠፋ በፊት በእኛ ፕሮግራም ይቀርፁታል... ያ ሁሉ ቅጂ የሚቀመጥበት ማለት ነው። እኔ ፈጣኑን አልኩ። ባልደረባዬ ሎርና ዝግተኛውን።
«እሱ እኮ ኤሊ ነው» አልኳት። ሁሉም ሳቀ። ደስ አለኝ።
«ያስገባኸውን መልሰህ አውጥተህስ ሞክረኸዋል?»
«እንዴታ!»
አልሞከርኩም። ሲያስገባ ብቻ ነው ያየሁት። ግን ማን ነው መልሶ ማውጣት የሚሞክረው?

ዓርብ፣ ማርች 14
ሁሉም ቅጂ ከድሮው ማከማቻ እኔ ወዳልኩት ተዛውሮ አለቀ። ሎርና የድሮውን ከማጥፋቷ በፊት ወንበሬ ድረስ መጣች።
«ኬንት፣ አንተን አምኜ ነው የማጠፋው።»
«አጥፊው ባክሽ» አልኩ። ቀና እንኳ አላልኩም።

ረቡዕ፣ ማርች 26
ኦፓል የምትባል ሴት ደወለች። ባሏ ዌንዴል ከቀዶ ጥገናው በፊት የቀረፀው ድምፅ የለም። ያለው ከዚያ ወዲህ የቀረፀው ብቻ... ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ።
ምክንያቱን አገኘሁት። የሁለቱ ቅጂዎች ስም አንድ ነው። የፊተኛው በእንግሊዝኛው ትልቁ ፊደል ይጀምራል፣ የኋለኛው በትንሹ። በድሮው ማከማቻ ሁለት ነበሩ። እኔ የመረጥኩት ግን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። የኋለኛውን በፊተኛው ላይ ጻፈበት። አንዴ መልሼ አውጥቼ ባየው ኖሮ...

ሐሙስ፣ ማርች 27
ሎርና ኦፓልን ስታናግር አጠገቧ ነበርኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የድሮውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»
ስልኩን ዘግታ፣ «አንተማ ሞክረኸው ነበር። ሳዛውር አበላሽቼው ይሆናል» አለችኝ።
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ግን እውነቱን አልነገርኳትም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓርብ፣ ማርች 28
ምሳ አልበላሁም። ሎርና ከራሷ ሳንድዊች ግማሹን ሰጠችኝ። አፈርኩ።

ሰኞ፣ ማርች 31
ተናገርኩ። ስብሰባው ላይ፣ ሁሉም ባለበት።
«አልሞከርኩትም ነበር። ዋሽቻለሁ።»
ማንም አልሳቀም። ሎርና ፊቷ ቀላ። «ሰው ፊት ስታስቅብኝ አንደበትህ አልተያዘም ነበር። አሁን ለእኔ ምን ታወራለህ? ድምፁ የጠፋው ሰውዬው ነው።»
ደወልኩ። ኦፓል አዳምጣኝ ስታበቃ፣ «ለራሱ ንገረው» ብላ ሰጠችው። መልስ መስጠት የማይችል ሰው ይቅርታ ሲጠየቅ... ስጨርስ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ቀፎውን በጣቱ ኳ አደረገው። ይቅር ማለቱ ነው? በቃህ ማለቱ ነው? ለመጠየቅም አፈርኩ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11
እንደገና የማከማቻ ምርጫ። «ኤሊው» ቀርቧል።
«ሞክረኸዋል?» አለች ሎርና። ሁሉም ዞሮ አየኝ።
«አልሞከርኩም።»
«ታዲያ ምን ያስቆምሃል?»
ከሰዓት በኋላ ተቀመጥኩ። ያሉንን ቅጂዎች አስገባሁ፣ መልሼ አወጣሁ፣ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ከዚያ የዌንዴልን ከፈትኩ። ያንኑ ሲር ሲር። እስከ መጨረሻው ሰማሁት።