«ደንቆሮ»ን ሰርዘው ፀሐይወርቅን ላደነቆሯት ሰብሳቢ

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ቢያዝን፣ የትምህርት ቤታችን የመጻሕፍት መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የሐይቁ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ ዓይንዎም እንዳይደክም ከልብ እመኛለሁ፤ አንድን መጽሐፍ ከሦስተኛው ገጽ ሳያልፉ መርምሮ መጨረስ ምን ያህል እንደሚያደክም እገምታለሁና። እኔ በግሽ አባይ ቀበሌ የምኖር፣ ፊደልን በወደቡ የጭነት ሣጥኖች ላይ ከተጻፈው ለቅሜ የተማርሁ ሽማግሌ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለ ተባልሁ ነው።

1ኛ/ መምህርት የሺአረግ ለስድስተኛ ክፍል ያስተምሩት የነበረው መጽሐፍ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ጣና ዳር ስለ ኖሩ ወንድምና እኅት ይተርካል። ወንድምየው አይሰማም፤ እኅትየው የሰማችውን ሁሉ በእጇ ትነግረዋለች። በገጽ ሦስት ላይ «እናቱ ከዳር ሆና ብትጠራው አልዞረም፤ ደንቆሮ ነበርና» ይላል። ኮሚቴዎ ይህ የጭቁኑን ገበሬ ልጅ መስደብ ነው ብሎ «ንቃተ ኅሊናው አልዳበረም ነበርና» ተብሎ እንዲታረም ስላዘዘ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔ ደንቆሮ ማለት ጆሮው የማይሰማ ማለት ይመስለኝ ነበር፤ አባቴም አያቴም እንደዚሁ ተሳስተው ሞተዋል። አንድ ተማሪ ግን ንቃተ ኅሊና የዳበረለት ሰው እናቱ ስትጠራው በምኑ እንደሚሰማ ጠይቆ ክፍሉን በሳቅ ስላፈረሰው፣ በማግሥቱ መጽሐፉ ጨርሶ ተሰበሰበ።

2ኛ/ የልጅ ልጄ ፀሐይወርቅ በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ መስማት አቁማለች። አብራት ለመማር ብላ አንድ ዓመት ዘግይታ የገባችው ታላቋ ባንቺአየሁ፣ ከጎኗ ተቀምጣ መምህራኑ የሚሉትን በእጇ እየነገረቻት ስድስተኛ ክፍል ደርሰዋል። ልጆቹ እነዚህን ዓመታት ሁሉ የሁለቱን እጅ እያስመሰሉ ሲስቁ ኖረዋል። መጽሐፉ በተነበበ በሳምንቱ ግን ሁለት የክፍሉ ልጆች ቤቴ መጥተው «አባባ፣ ነይ እንጫወት በእጅ እንዴት ይባላል?» አሉኝ። ስድስት ዓመት ስጠብቀው የኖርሁት ጥያቄ ነበር።

ኮሚቴዎ መጽሐፉን በሰበሰበበት ስብሰባ፣ ባንቺአየሁንም «የኩረጃ ምልክት ትሰጣለች» ብሎ ወደ 6ኛ ለ አዛወራት። እነሆ አሥራ አንድ ቀን ፀሐይወርቅ የመምህራኑን አፍ ስታይ ውላ ትመለሳለች። ትናንት ደብተሯን አልይዝም አለች። ቃሉን ከመጽሐፉ ሰረዙት፤ ልጅቷን ግን እንደ ገና አደነቆሯት።

3ኛ/ ሦስተኛ አቤቱታ የለኝም። ቁጥሩን ያሰፈርሁት ከሦስት ነጥብ ያነሰ ጽሑፍ እንደማያነቡ ስለ ሰማሁ ብቻ ነው።

ስለዚህ ባንቺአየሁ እስከ ሰኞ ወደ እኅቷ ጎን ካልተመለሰች፣ ሰኞ ጠዋት በዚያ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እጄ ግን ደኅና ነው። አገር በሙሉ ሽማግሌ ይማር እየተባለ በሚዘመትበት ዘመን፣ በገዛ እግሩ ክፍል የገባን ሽማግሌ ያስወጣሉ ብዬ አልጠረጥርዎትም። ካስወጡኝም ዘበኛው ከነወንበሩ ይሸከመኝ።

ከስብሰባ ለሚተርፈው ጊዜዎ ከፍ ያለ አክብሮት ያለው፣ ያላነበቡትን ሁሉ ለማረም ብርታቱ እንዳይለይዎ የሚመኝ፣ በሌላው ሁሉ ታዛዥዎ፣ በዚህ ነገር ግን የማይታዘዝዎ

ተክለ ጊዮርጊስ አዘዘ

ከደብዳቤው የተረፈ፦ ይህን ስጽፍ ፀሐይወርቅ አጠገቤ ሆና «ኮሚቴ» የሚለው ቃል በእጅ እንዴት እንደሚባል ጠየቀችኝ። ምልክት አልነበረንም። ሁለቱን ጆሮዎቼን በመዳፌ ደፍኜ ራሴን በስምምነት ነቀነቅሁ። ወዲያው ገባት።