አያቴ በአካል እንዲቀርቡ ስለመጠራታቸው

ለተከበሩ የቀድሞ ጦር መዛግብትና ኒሻን ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ለወግ ያህል የምጠይቅ እንዳይመስልዎ፤ በአሥራ አራት ወር ምልልሴ አንድም ቀን ወንበርዎ ላይ ስላላገኘሁዎ፣ ኮትዎ ግን ሁልጊዜ ከወንበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ስለማየው፣ ምን አግኝቷቸው ይሆን እያልኩ ከልቤ ተጨንቄያለሁ። ቤተሰብዎ ደኅና ይሁን። ኮትዎ ደኅና ነው፣ ትናንት አይቼዋለሁ።

እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ክፍል ውስጥ የምሠራ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ዘጠኝ ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ገብተው በሰላም ተኝተው ስላሉና እነሱን መቀስቀስ ነውር ስለመሰለኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ አባት የሃምሳ አለቃ ነበሩ። እናቴ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ለዕረፍት መጥተው የቤታቸውን ጣራ ሲጠግኑ የጥሪ ወረቀት ደረሳቸውና መሰላሉን ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ትተው በዚያው ቀን ሄዱ። በዚያው ቀሩ። ከዓመት በኋላ አንድ እግሩን ያጣ ጓደኛቸው ሦስት ኒሻን በመሐረብ ቋጥሮ አመጣና ወንዝ ሲሻገሩ በጥይት ተመትተው ከፊቱ እንደወደቁ፣ ውኃው እንደወሰዳቸው ተናገረ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ከመንግሥት ግን አንዲት መስመር አልመጣችም። ወረቀቱ በቀረበት ቤት ወሬ ገባ፤ የእናቴ አጎት ሚስት ሰውየው ከጦር ሜዳ ከድቶ ድንበር ተሻገረ፣ እዚያም ሌላ ትዳር ይዟል ብላ ነዛችው። እናቴ የከዳተኛው ልጅ እየተባለች አደገች፣ የከዳተኛው ልጅ እየተባለች ተዳረች። አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ሳይከተለው፣ አባቷ አለመክዳታቸውን የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት ተነቦላት መስማት ትፈልጋለች። ከእርስዎ የምንለምነው ይኸው ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሞቀው አቀባበል አመሰግናለሁ። ለማጣራት የግድ ማስረከብ አለብህ ተብዬ ኒሻኖቹን ሳመጣ፣ የመዝገብ ቤቷ ባልደረባ፣ መቼም ትሑት ሴት ናት፣ የሥራ መነጽሬን ተውሳ ከኒሻኖቹ ጀርባ የተቀረጸውን ስም አነበበችና በመረከቢያው ካርድ ላይ «ባለጉዳይ» በሚለው መስመር የአያቴን ማዕረግና ሙሉ ስም ጻፈች። ዕቃ ሲገባ በላዩ ባለው ስም ነው የሚመዘገበው፣ አሠራራችን ነው አለችኝ። እዚህ ላይ የእኔም ጥፋት አለበት፣ አልሸሽግም። የአያቴ ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ በቀለም ሲጻፍ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነበርና ደስ አለኝ። እርማት መጠየቅ ሲገባኝ፣ እህቴ እጅሽ ይባረክ ብዬ ካርዱን ደረት ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ቤት ገብቼም ለእናቴ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት፤ አራተኛም ጠይቃኝ ነበር።

2ኛ. ስላስተማራችሁኝ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። ጉዳዩ ከምን ደረሰ ብዬ ስጠይቅ፣ ባለጉዳዩ አንተ ስላልሆንክ አይነገርህም ተባልኩ። እሺ፣ ወኪል ልሁን አልኩ፤ ውክልናውን ባለጉዳዩ ራሳቸው ቀርበው ይስጡህ ተባለ። ኧረ ሞተዋል አልኩ፤ የሞታቸውን ምስክር ወረቀት አምጣ ተባለ። ከተማው ምዝገባ ክፍል ብሄድ፣ ጦር ሜዳ የወደቀ ሰው ለመሞቱ ማረጋገጫ የሚጽፈው የእናንተው ጽሕፈት ቤት ነው ብሎ መለሰኝ። ተመልሼ ስመጣ፣ ማረጋገጫ የሚጻፈው ለባለጉዳዩ ብቻ ነው አላችሁኝ። ወይ ጉድ! በቃ ይቅርብኝ፣ ኒሻኖቹን ስጡኝና ልሂድ ብል ደግሞ፣ ማመልከቻ መተው የሚችለው ያመለከተው ሰው ነው ተባልኩ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው እጅ የተበላሸ ሰዓት እየፈታሁ ገጥሜያለሁ፤ ያልከፈትኩት ክዳን የለም። የእናንተ ግን ብሎኑ ከውስጥ ነው። ሱቄን እየዘጋሁ ስመላለስ እግሬ ቀጠነ፤ መግባቱን አስገባችሁኝ፣ መውጫውን ግን የማሳየት ሥልጣን ያለው ሰው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። እናቴ በየሳምንቱ ኒሻኖቹን በጨርቅ የምትወለውልበት ቀን ሲደርስ አሁንም ቆርቆሮ ሣጥኗን ታወርዳለች። ባዶ መሆኑን እያወቀች ከፍታ በእጇ ትዳስሰዋለች። እውነቱን ልንገርዎ፣ ይህን ባየሁ ቁጥር ባስረከብኩበት እጄ ላይ ነው የምናደደው።

3ኛ. ስለ መጠበቂያ ክፍላችሁ ብዙ አልልም። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል። በነፃ ላስነሣው ብዬ ሁለት ባትሪ ድንጋይ በኪሴ ይዤ ብመጣ፣ የበሩ ጥበቃ ያልተፈቀደ ዕቃ ነው ብሎ ቀማኝ። በማግሥቱ የጥበቃው ሬዲዮ ጥርት ብሎ ሲዘፍን ሰማሁ፤ ቢያንስ አንድ ነገር አንቀሳቅሻለሁ።

4ኛ. ከሁሉም በላይ የማመሰግንዎ ከሁለት ሳምንት በፊት ስለላካችሁት ደብዳቤ ነው። እናቴ ማኅተም ያለበት ፖስታ መጣ ሲባል የምትጠብቀው ወረቀት መስሏት ፊቷን ታጥባ፣ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ፣ ወገቧን አቅንታ ተቀመጠች። አድራሻው የተጻፈው ለአያቴ ነው። ማዕረጋቸውንና ስማቸውን ሳነብላት አባባ ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያኔ ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ የሃምሳ አለቃው በወንዙ ውጊያ ዕለት ከክፍላቸው ከተለዩ ወዲህ ሪፖርት አላደረጉም፤ አሁን ኒሻናቸውን አቅርበው ስላመለከቱ በሕይወት መኖራቸው ተረጋግጧል፤ ስለዚህ በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በአካል ቀርበው የተለዩበትን ምክንያት ያስረዱ፤ ካልቀረቡ ከድተው እንደጠፉ ተመዝግቦ ኒሻኖቹ ይወረሳሉ።

መሐል ላይ ቃል ልዘል ሞክሬ ነበር፤ ልጄ የተጻፈውን አንብብ አለችኝ፣ አነበብኩ። አላለቀሰችም። ቅዳሜ የሥራ ቀን ይቆጠራል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። የአጎቷ ሚስት ዕድሜ ልኳን አውርታ ያላስጻፈችውን ወሬ፣ እኔ የገዛ ልጇ በሁለት እግሬ ሄጄ በማኅተም አስመትቼ አመጣሁላት። ለዚህ ውለታ በምን ቃል ላመስግንዎ?

ለጥሪው የምሰጠው መልስ አጭር ነው። የሃምሳ አለቃው ላለፉት ሰባ ስድስት ዓመታት ወንዝ ውስጥ ስላሉ መቅረብ አይመቻቸውም። ከክፍላቸው የተለዩበት ምክንያት በጥይት መመታታቸው ነው፤ በቂ ምክንያት መሆን አለመሆኑን ለክቡርነትዎ እተዋለሁ። ለወንዙ ተብሎ ተጨማሪ ቅጽ የሚሞላ ከሆነም ይላክልኝና እሞላለሁ፤ ቅጽ መሙላትስ ለምጃለሁ።

ጤናዎን፣ ሥልጣንዎንና ኮትዎን ካለበት ሳያናውጥ እንዲያኖርልዎ እየተመኘሁ፣

ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ባለጉዳይ እንዳልሆንኩ በሚገባ የተነገረኝ፣
የባለጉዳዩ የልጅ ልጅ፣
ሰዓት ጠጋኙ

ግልባጭ፦
ከወንበርዎ ጀርባ ለተሰቀለው ኮት፣ እርስዎ ከሌሉ እሱ እንዲያውቀው

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ የቀጠሮው መጨረሻ የፊታችን ሐሙስ ነው። እናቴ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መጠበቂያ ክፍላችሁ ውስጥ ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ንገራቸው ብላኛለች። ልትከራከራችሁ አይደለም። መንግሥት በሕይወት አሉ ካለ እስቲ ልያቸው ነው የምትለው። መልካቸውን አታስታውስም፤ የምታስታውሰው ግድግዳው ላይ የቀረውን መሰላል ነው። እንግዲህ አንድ መቶ ስድስት ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ በመስኮታችሁ ብቅ ካሉ፣ በሞቴ፣ ነገ ይምጡ እንዳትሏቸው፤ ልጅዎ እዚያ ተቀምጣለች በሏቸው። ካልመጡ ደግሞ፣ ከድተዋል ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ይህችንም መስመር ጨምሩልን፤ መጀመሪያ የጠራችኋቸው ቀን አልቀሩም።