ካሜራና ሚስት አይዋስም

ውድ አንድ ዓይናው፣

ሁሌ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ስለምታይ ሰፈሩ ያወጣልህን ስም ስጽፈው እንዴት እንደናፈቅከኝ ታወቀኝ። እዚያ ሰው አገር እንዲህ ብሎ የሚጠራህ የለም፤ እኔ ልጥራህ።

ትናንት ከኤምባሲው ሁለተኛ ቃለ መጠይቅ እንደወጣሁ ስትደውል "ደህና ነው" ብዬ የዘጋሁብህ ድምፄ ስለከዳኝ ነው። በመጀመሪያው ቀን የጋብቻ ወረቀታችን ላይ ጥያቄ አልነበራቸውም። "አብራችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ይዘሽ ነይ" ብለው ሲቀጥሩኝ ግን ሳቄ መጥቶ ነበር። የፎቶ አንሺ ሚስት ፎቶ ይቸግራታል? ቤት ገብቼ ካርቶኑን አልጋው ላይ ገለበጥኩት። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ። እኔ ልብስ ሳሰጣ። በተጋባን ዕለት ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ እኔ ከነምስክሮቹ። ስልኬ ላይ ያሉትም ያው ያንተው እጅ ሥራ ናቸው። አንተ የለህም፤ አንዱም ላይ!

እናትህ መነጽራቸውን አድርገው አብረውኝ ፈለጉ፤ ሲደክማቸው "የሸክላ ሠሪ ቤት በገል ይበላል ማለት ይኼ ነው" አሉ። የተጋባን ዕለት ወንድሜ "አንዴ እንኳ እኔ ላንሳችሁ" ብሎ እጁን ሲዘረጋ ምን እንዳልከው ታስታውሳለህ? "ካሜራና ሚስት አይዋስም!" እኔም ሞኟ አብሬህ ሳቅኩ። ሰሞኑን ስንቴ እንደረገምኩህ ብታውቅ!

ሌላ ምን ላደርግ፣ ትናንት ያሉትን ይዤ ሄድኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ሴት አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ባለቤትዎ የታሉ ነው የምትለው" አለኝ አስተርጓሚው።

ልብስ የማሰጣበትን ፎቶ መዝዤ ገፋሁላት። ፀጉሬ ተንጨብሮ፣ እጄ አረፋ እንደሆነ፣ "ሂድ ወዲያ፣ አታንሳኝ!" እያልኩ በሳቅ የምሞትበትን።

"እንዲህ ሆኜ የምስቀው ለማን ይመስልሻል በላት" አልኩት።

ፎቶውን ተቀበለችኝ። ሌሎቹን መለሰችልኝ፤ እሱንና ፓስፖርቴን አስቀረች። "እናሳውቅሻለን" ብላ ሸኘችኝ። እናትህ "ፓስፖርት ካስቀሩማ በጎ ነው" ብለው ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን ላይ አስወርደዋል። እኔ ግን አልከፈትኩትም፤ እፈራለሁ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ የተነሳሁት ለቪዛው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። አንሺው "መሳቅ አይቻልም" አለኝ። ማን ሊስቅ!

ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ስመጣ ካሜራውን ዓይንህ ላይ ደቅነህ እንዳትጠብቀኝ። አጠገብህ ለቆመ ለማንም መንገደኛ ስጠውና ወደ እኔ ና። ፎቶው ይንጋደድ፣ ይደብዝዝ፣ እግራችንን ይቁረጠው፤ ግድ የለኝም። አንተ ብቻ ግባበት።

ከጎኗ ቦታ የተወችልህ፣
ሚስትህ